ሲያምር ማሽኑ፣ ሲበላሽ ቦንቱ

አዳማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የወዬሳ እንጨት ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያከብረዋል። ሥራው ሲያምር የሠራው ማሽኑ ነው፤ ሲበላሽ ያበላሸችው ቦንቱ ናት።

በኮምፒውተር የሚታዘዘውን የእንጨት መቅረጫ፣ ሲኤንሲውን፣ የምታሠራው እሷ ናት። ማሽኑ የሚያውቀው እሷ የነገረችውን ብቻ ነው፤ የት እንደሚገባ፣ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚመለስ። ደንበኛ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ወዬሳ ብረቱን እንደ ሰንጋ ጎን መታ መታ እያደረገ፣ "አይ ማሽን! ብቻውን እኮ ነው የሚሠራው" ይላል። እሷ አጠገቡ ሰጋቱራ ለብሳ ቆማ ትሰማለች። ይህን እየሰማ የማይበግን ሰው ካለ እሱ ራሱ እንጨት ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ ከባቱ አንድ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ አስጭና መጣች። ዛፉን የተከሉት አባቷ አቶ ዳዊ ናቸው፤ ነፋስ ጣለው። ሽማግሌው ገበጣ ነፍሳቸው ነበር፣ አሁን ግን ጣታቸው አልታጠፍ ብሎ ጠጠሩን ከጉድጓዱ ማውጣት ስላቃታቸው ጨዋታውን ትተዋል። "ከራሳቸው ዛፍ፣ እጃቸው የሚችለው ገበጣ ሥሩልኝ" አለች ፀዳለ።

ቦንቱ አሰበችበት። ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ከወረደ የደረቀ ጣት አይሠራበትም። ስለዚህ ደረጃ እንዲኖረው አቀደች፤ ላይኛው ሰፊ፣ ቀጣዩ ጠበብ፣ ታችኛው ከሁሉም የጠበበ፣ ጠጠሩ በጣት እየተገፋ ከደረጃ ደረጃ እንዲወጣ። እያንዳንዱን ደረጃም ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ስስ ስስ እያደረገ እንዲልጠው አዘዘችው።

"ምነው እንደ ምስጥ ትቆረጥሚዋለሽ?" አላት ወዬሳ። "በአንዴ አውርጂውና እንገላገል!"

"ይቦጨቃል፣ ጋሽ ወዬሳ። ሌላ ጣውላ ደግሞ የለንም።"

የአቧራ መምጠጫው ይጠገን ስትለው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚል ሰው፣ እንጨት ላይ ሲደርስ ትዕግሥቱ ያልቃል። ቦንቱ ማሽኑን አቁማ ምሳ ወጣች። እሱ ደግሞ ስስ ስሱን ሁሉ አንድ አድርጎ፣ ጥልቀቱን በአንድ ጊዜ እንዲወርድ አስተካክሎ አስነሳው። ስትመለስ ጩኸቱን ከበር ሰማችው። መቁረጫው ተሰብሯል፣ የአንዱ ጉድጓድ ጠርዝ ተቦጭቋል።

እንዳጋጣሚ ፀዳለም ሥራውን ልታይ ገባች። ወዬሳ ዓይኑን ሳያሽ፣ "ልጅቷ ስሌት ተሳስታ ነው እንጂ ማሽኑስ አይሳሳትም" አላት።

"ምሳ ስወጣ ቆሞ ነበር!" አለች ቦንቱ። "ማን ነካው?"

"ቁጥሩን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

ፀዳለ ለሁለቱ ጠብ ጆሮ አልሰጠችም። የተቦጨቀውን በጣቷ ዳሰሰች። "ሌላ ዋንዛ ይፈለግልሽ እንዳትሉኝ" አለች። "የአባቴ ዛፍ አንድ ነው።"

ቦንቱ የዚያን ቀን ጥላ ልትሄድ ነበር። ሽርጧን ፈትታለች እንኳ። ያስቀራት ወዬሳ አይደለም፣ የማታውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። እሷ ብትሄድ ጣውላው ማገዶ ነው። ሽርጧን መልሳ አሰረችና ለካች። የሁሉንም ጉድጓድ የላይኛውን ደረጃ ትንሽ ብታሰፋው፣ የተቦጨቀው እዚያው ውስጥ ይገባል፤ በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ያለው ግድግዳ ቢሳሳም ይችላል። የተሰበረውን መቁረጫ ለውጣ መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከረችው። ከዚያ ከማሽኑ አጠገብ ንቅንቅ ሳትል፣ ምሳም ሳትወጣ፣ ስስ ስስ እያደረገች ጨረሰችው።

ፀዳለ ልትወስድ ስትመጣ ጠጠር ይዛ መጣች። ጣቶቿን እንደ አባቷ አድርቃ ወደ ጉድጓዱ ከተተች። ጠጠሩ ደረጃውን ወጥቶ መዳፏ ላይ ወደቀ። እንባዋ መጣ።

"አላልኩሽም?" አለ ወዬሳ ብረቱን መታ መታ እያደረገ። "ማሽን እኮ ነው! ብቻውን ነው የሚሠራው!"

ፀዳለ ገበጣውን ልትጠቀልል ስትገለብጠው ከሥሩ ስስ ተደርጎ የተቀረጸ ነገር አየች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ "ቦንቱ።"

ወዬሳ ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። "ይሄን ደግሞ ማን ጻፈው?"

ቦንቱ ሰጋቱራውን ከእጇ አራገፈች።

"ማሽኑ ነዋ፣ ጋሽ ወዬሳ። ብቻውን አይደል የሚሠራው?"