በቁሙ ድንኳን የመጣለት ወንድሜ

ወንድሜ ከህንድ ሲመለስ በሰውነቱ የሚዞረው ደም ከእኔ መቅኔ የመጣ ነበር። ሐኪሞቹ የደም ካንሰሩን በመድኃኒት አጥፍተው የእኔን ሴሎች ሰጡት። "አሁን እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ጉንፋን እንኳ ሊገድለው ይችላል" ብለው ሸኙን። እኔ ሸሕዲ ያለው ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝና አስታማሚውም ዘበኛውም ሆንኩ።

ቤቱን በበረኪና አጠብኩ፤ የሚጠጣውን አፈላሁ፤ የሰሊጥ አጨዳ አቧራ እንዳይገባ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በፕላስተር ዘጋሁ። ያስቸገረኝ ጠያቂው ነው። ጥሬ ወተት ይዘው መጡ፤ መለስኩ። አብረውት ትራክተር የሚነዱት ከነአቧራቸው ሊስሙት መጡ፤ መለስኩ። "ወንድሟን ቆለፈችበት" አሉ። ይበሉ! እኔ ሳህን ይዤለት ደም ሲያስመልሰው ያየሁ ሰው ነኝ፤ ለይሉኝታ ብዬ አልቀብረውም።

ቆይቶ ወሬው ተለወጠ። ሞቷል፤ እናቱ ከምትኖርበት ከገለጉ እስክትደርስ እህቱ መርዶውን ደብቃ ነው ተባለ። አንድ ደግ ሰው ለእናታችን ደወለና "ልጅሽን ትንሽ አሞታል፤ ቶሎ ድረሽ" አላት። እንዲህ ከተባለ ትርጉሙን ማን ያጣዋል?

በማግሥቱ ከጭነት መኪና ስትወርድ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃለች። ከኋላዋ ሰፈርተኛው፣ ከሰፈርተኛው ኋላ እድርተኛው ድንኳን ተሸክሞ መጣ። በሩ ላይ ቆምኩ።

"አልሞተም! ግን ማንም አይገባም!"

"ልጄን ልየው!" እናቴ ስትጮህ ሳል አቋረጣት።

"እማ፣ ጉንፋን ይዞሻል። አትገቢም።"

የእድሩ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው፣ ወደ ፊት መጡ። "እናትን ከልጇ? ነውር እኮ ነው፣ ልጄ።"

"ነውሩን ለእኔ ይተዉልኝ፣ አባባ። ድንኳኑን ይመልሱት።"

እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ንቅንቅ አላልኩም። ደግማ እጇን ስታነሳ ከመስኮቱ መስታወት ጀርባ ማስክ ያደረገ ፊት ብቅ አለ።

"እማ፣ ድገሚልኝ! እኔንም በመርፌ ፈጅታኛለች!"

ሙሾ ልታወርድ የመጣችው ጎረቤታችን አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እናቴ አፈሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ "እሱ ነው፣ የእኔው ነገረኛ" እያለች አለቀሰች። ወንድሜ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈላት። እኔም ጉንጬ እየነደደ ሳቅኩ፤ ከበሩ ግን አልተነሳሁም።