ለዘፋኟ የተላኩ ሽማግሌዎች

በርክሌ ስማር ኦክላንድ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየሁት ከአንዲት ኦስትሪያዊት የኦፔራ ዘፋኝ ነበር። እኔ ስደርስ አርጅተው የሰፈሩን ልጆች መዝፈን ያስተምሩ ነበር። ቪየና ተወልደው፣ በአጃቢነት ጀምረው፣ ዋናዋ ዘፋኝ በታመመች ቀን ተተክተው ገቡና ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ አልተመለሱም። ዕድሜያቸው ከከተማ ከተማ ባቡር ላይ አለቀ። ሴት ልጃቸውን አክስቷ አሳደገቻት። ያቺ ልጅ አሁን ሳን ሆዜ ትኖራለች፤ በመኪና ቅርብ ናት፤ እናቷን ካነጋገረች ግን ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሁሉ ድንች እየላጡ ነው የነገሩኝ።

አንድ ጸደይ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንዲዘፍኑ ተጠየቁ። መድረክ ከተዉ ቆይተዋል። የመጨረሻዬ ነው አሉ። ለልጃቸው የጥሪ ካርድ ላኩ፤ መልስ አልመጣም። ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ተነሥተው እስከ በሩ ሲሄዱ አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

ዝግጅቱ እሑድ ነው። ረቡዕ ዕለት ወጥ ስሠራ በርበሬው አረረብኝና ሁለታችንንም በሳል ጨረሰን። ሐሙስ ጠዋት "እንደምን አደሩ" ብላቸው፣ አንገታቸውን በሻርፕ እንደ ጠቀለሉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ። ከሰዓትም ዝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ባደግሁበት ቤት ግን ዝም ያለ ሰው ያኮረፈ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሆደ ባሻ ነኝ፣ ኩርፊያ አልችልም። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል።

በርክሌ ደወልኩ። እዚያ ካለነው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በዕድሜ ገፋ ያሉት ሁለቱ፣ አንዱ ኢንጂነሪንግ ሌላው ሕግ የሚያጠኑ፣ ዓርብ ከሰዓት መጡ። የሕጉ ሰው በሱፉ ላይ ነጠላ ደርቧል።

"ምን አሉሽ? ሩሙን ልቀቂ አሉሽ?" አለኝ ገና ከደጁ።

"ምንም አላሉኝም። ችግሩ እሱ ነው።"

ገብተው ሳሎኑ መካከል ቆሙ። ሴትዮዋ ወንበር ቢያሳዩዋቸው እምቢ አሉ። "እርቁን ካልተቀበሉን አንቀመጥም። ልጅ ናት፣ ስለ እኛ ብለው ይቅር ይበሏት" እያሉ በእንግሊዝኛ ተራ በተራ ለመኑ። ሴትዮዋ በጣታቸው ጉሮሯቸውን አሳዩ። የሕጉ ሰው በአማርኛ "እዚህ ድረስ መርሯቸዋል" አለኝና እግራቸው ላይ ሊወድቅ አጎነበሰ።

ይኼኔ በሹክሹክታ ተናገሩ። ዘፋኝ ከመዝፈኑ በፊት ድምፁን ያሳርፋል፤ ያልነገሩኝ ማንም የሚያውቀው መስሏቸው ነው። በርበሬውን ረስተውታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለቱ ግን አሁንም እንደ ቆሙ ናቸው፤ ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩዋቸው።

"ሰው ሲጣላ እንዲህ ትመጣላችሁ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"በሩን ባይከፍትላችሁስ?"

"እንቆማለን" አለ ኢንጂነሩ።

ሴትዮዋ ወደ እነሱ ጠጋ ብለው "ሳን ሆዜስ ትሄዱልኛላችሁ?" አሉ።

ቅዳሜ በኢንጂነሩ ቮልስዋገን ሄዱ። እንደ ነገሩኝ፣ ልጅቷ ከፍታ አየቻቸውና መልሳ ዘጋች። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ሱፍ፣ ጎረቤት እያያቸው ደጇ ላይ ቆሙ። ኋላ ውሃ ይዛላቸው ወጣች። ውሃውን ጠጡ፣ የመጡበትን ተናገሩ፤ ግቡ ብትላቸው፣ እርቁ ሳይሆን አንቀመጥም ብለው አልገቡም። እመጣለሁም አልመጣምም አላለቻቸውም።

እሑድ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ሴትዮዋ ከዓርብ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከፍ ሊሉ ሲሉ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ዓይናቸው የነበረበትን ዞሬ ሳይ፣ አንዲት ሴት ካፖርቷን ሳታወልቅ ከኋላው በር አጠገብ ቆማለች። ወንበር ሞልቶ ሳለ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠችም።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሴትዮዋ አበባቸውን እኔ ላይ ጥለው ወደ በሩ ሄዱ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀሙት ንግግር ይኖራል ብዬ እየፈራሁ ተከተልኳቸው።

"ምሳ በላሽ?" አሏት።

"አልበላሁም፣ እማ" አለችና አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።