ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ሰው

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ፎቶኮፒ ወደምሠራበት ሱቅ ገባና «እህቴ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈ። ከአንዲት ትንሽ የላስቲክ እሽግ ቡናማ ዱቄት አውጥቶ በሙቅ ውኃ በጠበጠልኝ። የዝንጅብል ሽታ ነበረው፤ ከሥሩ ደግሞ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ልጁ ማውራቱን ቀጠለ። እኔ አልሰማሁትም። ሽታው ከዓመታት በፊት ጎረቤታችን ወደነበሩት ወደ ሸህዬ ግቢ ወስዶኝ ነበር።

ያኔ ከኮሌጅ ተመርቄ መካነ ሰላም እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሲበዛ ዓይን አፋር ነበርኩ። ሱቅ ሄጄ ሳሙና ስጠይቅ ባለሱቁ «ምን አልሽ?» ሳይለኝ አይሰጠኝም። ሁለት ጊዜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ሁለቱንም ጊዜ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ።

አንድ ቀን የኮሌጅ ጓደኛዬ ከደሴ መጣች። ስንማር ከእኔ ያላነሰች አፋር ነበረች። አሁን ግን እጄን አጥብቃ ጨበጠችኝ፤ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። «ሥራ አለ» አለችኝ። «የሚጠይቀው ክፍት አእምሮና በራስ መተማመን ብቻ ነው።»

ሥልጠናው አንድ ሆቴል ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። መስኮቶቹ በቀይ መጋረጃ ስለተሸፈኑ የሁላችንም ፊት ቀልቷል። ሙሉ ልብስ የለበሰው አሠልጣኝ የምንሸጠው ዱቄት ስለሚያድናቸው በሽታዎች፣ ከዚያም እያንዳንዳችን ከሥራችን ሻጭ አድርገን ስለምናስገባቸው ሰዎች ሲያወራ ቆየ። መሐል ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ እጁን አወጣ።

«ይሄ ነገር በጤና ባለሙያ ታይቷል?»

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «አያችሁ? የተዘጋ አእምሮ ማለት ይሄ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ኮፍያውን አንስቶ ደረጃውን ሲወርድ፣ የጫማው ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ እየሳቅን ነበር።

ከዚያ ተራ በተራ እየተነሳን እንድንናገር ተደረገ። እኔ ስነሳ የተናገርኩት ከፊተኛው ወንበር አላለፈም። «ከሆድሽ አውጪው!» አለ አሠልጣኙ። ስሜን ተናገርኩ። ደግሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁትና የሌላ ሰው መሰለኝ። አጨበጨቡልኝ። ያን ጭብጨባ ዛሬም ልጠላው አልቻልኩም። በዕድሜዬ ሙሉ «ምን አልሽ?» ያላለኝ ሕዝብ ያ ብቻ ነበር።

ስንለያይ አሠልጣኙ «‹አላውቅም› የሚለው ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ፤ ከወጣ ገዢው ይሸሻል» ብሎ አስጠነቀቀን።

ማታ አሠልጣኙ እንዳዘዘን የማውቃቸውን ሰዎች ስም ደብተር ላይ ስጽፍ እናቴ ከትከሻዬ በላይ አየችኝ። «ይሄን ሁሉ ሰው ምን ልታደርጊው ነው? ሠርግ አለብን እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከሁሉ በላይ የጻፍኩት ጎረቤታችንን፣ የቁርዓን አስተማሪውን ሸህዬን ነበር። እኛ ክርስቲያኖች ብንሆንም አባቴ ከሞተ ጀምሮ በዓላችንን ሳይጠይቁን ያለፉበት ጊዜ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ቃሌን ሳልጨርስ ሰው ሁሉ ሲያቋርጠኝ፣ እሳቸው ብቻ እስክጨርስ ይጠብቁኝ ነበር። «አብሽሪ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» ይሉኛል።

በማግሥቱ ስሄድ ግቢያቸው በልጆች ንባብ ይናወጣል። ልጆቹን አሰናብተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። ዱቄቱን በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ የተለማመድኩትንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ዓይናቸውን አየሁ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሳቸው ደግሞ እንደ ልማዳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ማሻአላህ፣ ድምፅሽ ጠነከረ» አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ቀጥለው «ለደም ግፊቱ ሐኪም የሚሰጠኝ ክኒን አለ። እሱንስ ምን ላድርገው?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። እንደማላውቅም አውቅ ነበር።

«እሱ ኬሚካል ነው ሸህዬ» አልኳቸው። «ይሄ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው። ይሄን የያዘ ሰው ያ አያስፈልገውም።»

ሚስታቸው በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ሸህዬ ዞር ብለው «አምጪላት» አሏቸው፤ እሳቸውም ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ስወጣ ሸህዬ ዱዓ አደረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ወግዲ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ሸጥሁ፣ ሰው አስገባሁ። በየሥልጠናው መድረክ ላይ እየወጣሁ «ጎረቤቴ ሸህዬ ክኒናቸውን ጥለው እንደ ወጣት ይራመዳሉ» ብዬ መሰከርኩ። በእርግጥም ጤነኛ ይመስሉ ነበር።

አንድ ጠዋት የልጆቹ ንባብ አልተሰማም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስጠብቅ ቆየሁ። እናቴ ከውጭ ገብታ «ሸህዬ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ወደቁ፤ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው» አለችኝ። ከዚያ ወደ ደሴ ተላኩ። በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ሄደው በዚያው ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ምላሳቸውም ታስሯል። ስንት ልጅ ያስነበቡት ሰው «ውኃ» ማለት አቃታቸው።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ክኒኑን መቼ ነው ያቆሙት?» ብላ እንደነበር ከጎረቤት ሰማሁ።

ለጓደኛዬ ደወልኩላት። «ሰውየው ድሮም በሽተኛ ነበር» አለች። «አሉታዊ ነገር ወደ አእምሮሽ አታስገቢ። ለሌሎቹም እንዳታወሪ።» ስልኩን ዘጋሁት። ደብተሩንና የቀሩኝን እሽጎች ሽንት ቤት ጨመርኳቸው። በነጋታው የሸጥሁላቸውን ቤቶች እየዞርኩ «ክኒን ካላችሁ አትተዉ፣ እኔ አላውቅም ነበር» አልኩ። አንዳንዱ በር አልከፈተልኝም። አንዷ ሴትዮ «ያን ጊዜ ግን ታውቂ ነበር» አለችኝ።

መጨረሻ ላይ የሄድኩት ሸህዬ ዘንድ ነው። መደብ ላይ፣ ትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው። ክፍሉ የካምፎርና የታፈነ ብርድ ልብስ ሽታ ነበረው። እግራቸው ላይ ተደፋሁ። «አፉ ይበሉኝ ሸህዬ።»

ሊናገሩ ሞከሩ። ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ተጎተተ፤ ከጉሮሯቸው የወጣው ድምፅ ቃል አልሆነም። እንደገና ሞከሩ፤ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። እኔም በተራዬ እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ሚስታቸው አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ጠርገው «ተያቸው፣ አታድክሚያቸው» አሉኝ። ሊሉኝ የፈለጉት ይቅርታ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ለለቅሶው ስሄድ ሴቶቹ የተቀመጡበት ክፍል ጢም ብሎ ነበር። በሩ ላይ ስቆም ወሬው ተቋረጠ። አንዲቱ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት። ልመለስ ስል ሚስታቸው ቀና ብለው አዩኝና «ግቢ» አሉኝ። በሰው መሐል አልፌ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ ሸህዬ ያን ቀን አፉ ብለውኝ ይሆን?» አልኳቸው በጆሯቸው። ድምፄ እንደ ድሮው አንሶ ነበር።

የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«የእሳቸውን አላህ ያውቃል» አሉኝ። «እኔ ግን አፉ ለማለት ገና ነኝ ልጄ። ወላሂ ገና ነኝ።»

ይህን ብለው ምንጣፉ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉና የምቀመጥበት ቦታ ለቀቁልኝ።