ከእናቴ አንገት የተበጠሰው

ይህ የሆነው አምና በጥቅምት፣ የቡና ለቀማው በተጀመረ ሰሞን ነው። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ከፊቴ አይጠፋም።

የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ሚዛን ከተማ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። እናቴ የመርሳት ሕመም ሲጸናባት የሚያስታምማት ስለሌለ ወደዚህ አመጣኋት። «ይሄ የማን ቤት ነው?» ትልና ብድግ ብላ ትወጣለች። ከሰፈራችን ጀርባ ደግሞ የቡና ጫካ ነው። ወንድሜ እሷ ያለችበትን ቦታ በስልኬ ላይ የሚያሳይ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል መሣሪያ ከአዲስ አበባ ላከልኝ።

እናቴ ግን የመሣሪያውን ፕላስቲክ አንገቷ ላይ ባየችው ቁጥር በጥሳ ትጥለዋለች። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በቆዳ አሰፋሁትና ከማተቧ ጋር አሰርኩላት። ቆዳውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ተወችው። ለሰው ግን አልተናገርኩም። እናቷን እንደ ከብት ምልክት አሰረችባት እንዳልባል ፈራሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ እናቴን ጠዋት ጠዋት ጠበል ይወስዱልኝ ነበር። ያን ቀን ክፍል ሆኜ ስልኬን ደጋግሜ አየሁ። ምልክቱ ከጠበሉ ቦታ ንቅንቅ አላለም። ዛሬስ ተረጋጋችልኝ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። ስድስት ሰዓትም ሆኖ እዚያው ነው። ያኔ ክፍሉን ትቼ ወደ ጠበሉ ሮጥኩ።

ስደርስ እትዬ ዘውዴ ነጠላቸው ጭቃ ሆኖ እናቴን ይጣራሉ። ተራቸው ደርሶ ሲጠመቁ ነው ያጧት። እኔን ላለማስደንገጥ ብለው ብቻቸውን ሲፈልጉ አርፍደዋል። አንገቷ ላይ የነበረውስ? አልኳቸው።

«ልጄ፣ ክታብ ታስሮ ጠበል ይገባል እንዴ? በጥሼ ከድንጋይ ሥር ቀበርኩት። አንቺንም እንዳላሳፍርሽ ዝም አልኩ።»

ድንጋዩን ገልብጬ አወጣሁት። መሣሪያው ይሠራል።

በሦስተኛው ቀን ቡና ለቃሚዎች አገኟት። ቤት እንደሚገባ ሰው ጫማዋን አውልቃ፣ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዛፍ ተደግፋ ሞታለች።

ለቅሶ ላይ እትዬ ዘውዴ እጄን ይዘው፣ «እንኳን ያን ነገር እንዳሰሩ አልሞቱ» አሉኝ። ምን እንደነበረ አልነገርኳቸውም፤ እስካሁንም አልነገርኳቸውም። ለእርሳቸው አዝኜ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን፣ ብነግራቸው «ታዲያ ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?» ይሉኛል።

ንስሐ አባቴ ጸልዪ ይሉኛል። እጸልያለሁ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ስደርስ ግን አቋርጬ እነሣለሁ።