የክራውን ቪክቶሪያዋ የኋላ በር

ክራውን ቪክቶሪያ የምትባለው መኪና ሁለት ዕድሜ ነበራት። መጀመሪያ የፖሊስ ትሆናለች፤ ፖሊስ ሲጠግባት ኦክሽን፣ ማለት ጨረታ፣ ትወጣለች፤ ኦክሽኑ ላይ ደግሞ እኛ እንጠብቃታለን። ያኔ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ ነድቶ እሷን ያልነዳ ሐበሻ ብዙም አላውቅም። ረጅም፣ ከባድ፣ ቤንዚን ጠጪ፤ ግን አትሞትም። ሻንጣ የምትውጠውማ ጉድ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ከነበርበሬው ይገባባታል። ፋብሪካው ሞዴሏን ሲያቆም ሰዉ ወደ ቤንዚን ቆጣቢው ሃይብሪድ ዞረ፤ እኔም ዞርኩ።

የእኔዋ ነጭ ነበረች። የሰው ታክሲ ስነዳ ቆይቼ ገዛኋት፤ ገና ታክሲ ሳላደርጋት፣ የፖሊስ መብራቷ እንኳን ከጎኗ ሳይነቀል፣ ሽማግሌ ጭና ሄደች።

ላገባት የፈለግኳት ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከአባቷ ጋር ትኖር ነበር። እኔና እሷ ከተስማማን ቆይተናል፤ እንቢ ያሉት አባቷ ናቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ከተባለ እሺ እንደተባለ ይቆጠራል። የእኔዎቹም ሁለት ጊዜ ሄደው፣ ሁለቱንም ጊዜ እንደቆሙ በቀጠሮ ተሸኝተዋል። የአባትየው ምክንያት አንድ ነው፦ "ለታክሲ ነጂ አልሰጥም።" እሷ ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላኛለች። አሁንም እንቢ ካሉ በቃ፣ አለቀ።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ሊሄዱ ሲሉ የአንደኛው ሽማግሌ ቫን አልነሳ አለ። የእኔን ቁልፍ ሰጠኋቸው። አግቢው እዚያ ደጅ አይታይምና እኔ እዚያው አቅራቢያ፣ ዊተን፣ አንድ ካፌ ቁጭ አልኩ። የፖሊስ መኪና የኋላ በር ከውስጥ እንደማይከፈት መናገሩን በዚያ ጭንቀት ማን አስታወሰ!

የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። የነዱት ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱና የቤቱን በር አንኳኩ። አባትየው ከፈቱ።

"ብቻዎን ነዎት እንዴ?"

ሽማግሌው ዘወር ሲሉ ሁለቱ ጓደኞቻቸው አሁንም መኪናዋ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው፤ አንደኛው፣ የወሎው ሐጂ፣ መስኮቱን በከዘራቸው ይደበድባሉ። ጎረቤቱ መጋረጃ እየገለጠ የታሰሩትን አዛውንቶች ያያል። ወይ ውርደት!

አባትየው በነጠላ ጫማ ወርደው በሩን ከውጭ ከፈቱላቸው። "ይቺ ከውስጥ እሺ አትልም። እኔም ነበረችኝ" አሉ።

ሐጂው ላባቸውን ጠርገው ገቡ፤ እንደ ወጉ ከሌሎቹ ጋር ቆሙ። ያዘጋጁትን ንግግር ግን ተዉት።

"ለመሆኑ ምን ይሠሩባት ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"ታክሲ ነዋ።"

"ልጅቷ ያኔ ተወልዳ ነበር?"

"በእሷ አይደል እንዴ ያሳደግኋት!" አሉ አባትየው። ያሉትን ራሳቸው ሰሙት መሰል፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ በገዛ እጃቸው ሳቡላቸው።

ሐጂው ኮል ሲያደርጉልኝ "ተቀምጠናል" ብቻ ነው ያሉኝ። ካፌው መሃል፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ።