ለእማዬ የሚመልሰው ገጽ

ፋርማሲስቷ በአንድ ስልክ ላይ ሁለት ሰው ነበረች። ደንበኞች መልእክት በሚጽፉበት የፋርማሲው ገጽ ምላሷ ማር ነው፤ "እንዴት አደሩ? እግርዎን ከፍ አድርገው ይረፉ" እያለች በሽተኛውን ሁሉ ስታባብል ትውላለች። ሲመሽ ግን ለራሷ ገጽ አንድ ደግ ቃል አይተርፋትም። የእናቷ መልእክቶች እዚያ ሳይከፈቱ ተደርድረዋል። "ነገ እመልስላታለሁ" ትላለች፤ ነገ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል።

የፋርማሲው ባለቤት የእሷን የቆዩ መልሶች አጥንቶ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም ገጹ ላይ ሲያስገባ፣ እፎይ አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠች ሳቀች። "አንቺ፣ ነይ እዪ። እኚህ ሴትዮ ፋርማሲውን ጎረቤት አደረጉት እኮ። ስለ ድመታቸው ሳይቀር ያወሩታል።"

ጠጋ ብላ ስታይ ክው አለች። ፎቶው የእናቷ ነው።

"ልጄ እናንተ ጋ ትሠራለች፤ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሪኝ" ይላል የመጀመሪያው መልእክት። የዛሬው መልስ ደግሞ፦ "ልጅዎ ደህና ናት፣ እማዬ። ምሳዋን ግን አልበላችም።"

እውነት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። "እማዬ" የሚለውንም ቃል በዚህ ገጽ አንድም ቀን ጽፋው አታውቅም።

"ልክ እንደ አንቺ ነው የሚያወራው" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ። "እንዲያውም ከአንቺ ሳይሻል አይቀርም።"

ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። ፕሮግራሙን አጠፋችው። ከዚያ በፋርማሲው ገጽ ራሷ ጻፈች፦ "እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው።"

መልሱ ቆይቶ መጣ። "ዛሬ ምን ሆንሽ? ልጄን መሰልሽኝ። ግድ የለም፣ እሷም እንዲህ ናት። ሲመችሽ ትመልሺልኛለሽ።"

ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ጋዋኗን አውልቃ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ለማንም አልነገረችም።

እናቷ ቤት ደርሳ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ በሩ ተከፈተ። እናቷ ስልኳን እንደያዘች ቆማለች።

"እንዴት አወቅሽ፣ እማዬ?"

"ያቺ የፋርማሲው ልጅ ነገረችኝ። 'በር ላይ ናት፣ ይክፈቱላት' አለችኝ።"

ፋርማሲስቷ ስልኳን አውጥታ የፋርማሲውን ገጽ አየች። ፕሮግራሙ እንደጠፋ ነው።

"ምን ቆመሻል፣ ግቢ እንጂ" አለች እናቷ። "ምሳ አልበላሽም አይደል?"