ዓሣዋ ደጅ ስትጠና

ከጅዳ ስመለስ ይዤው የመጣሁት እንደ ሰው ብርድ ልብስና የእጅ ሰዓት አልነበረም። ክንድ የማትሞላ የመስታወት ሣጥን ነበረች። ከወልድያ እስከ መርሳ በሚኒባስ ጭኔ ላይ አቅፌያት መጣሁ፤ ረዳቱ «ሕፃን ናት እንዴ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር።

ጅዳ ሰባት ዓመት በሠራሁበት ቤት የሳሎኑን ግማሽ ግድግዳ የያዘ የባሕር ዓሣ አኳሪየም ነበር። ስጠርግና ሳጥብ ከዋልኩ በኋላ ዓሦቹን መመገብ የእኔ ሥራ ነው። በዚያ አገር ደስ ብሎኝ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው። ከዓሦቹ ፊት ቆሜ አገሬን ሳስብ፣ የመርሳ የማንጎ ዛፎች በሰማያዊው ውኃ ውስጥ የበቀሉ ይመስለኝ ነበር።

መርሳ ስደርስ አባቴ በራቸውን ከፈቱ፣ አዩኝ፣ መልሰው ዘጉት። ስሄድ አልነገርኳቸውም ነበር፤ እኔ እዚያ ሳለሁ ደግሞ እናቴ ሞተች። ጎረቤታችን መጥታ «ኧረ በአላህ!» ብላ እስክታስገባኝ ድረስ ከሻንጣዬና ከመስታወት ሣጥኔ ጋር ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ውስጥ ስገባ፣ ሐራ ገበያ ውዬ የመጣሁ ይመስል «እንዴት ከረምሽ» አሉኝና ወደ አትክልታቸው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አፉ እንዲሉኝ፣ ከልባቸው ይቅር እንዲሉኝ።

የጎረቤታችን ወንድም ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የባሕር ውኃ በጀሪካን፣ ዓሣ በላስቲክ ከረጢት እያደረገ ወልድያ ያራግፍልኝ ጀመር። መጀመሪያ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች መጡ፤ ጥንድ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ ብርሃን በውኃው አልፎ ግድግዳችን ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ጭቃው ቤት ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስላል። አባቴ ሲያልፉ በጎን ያዩና ይሄዳሉ። ከዚያ መቆም ጀመሩ። ከዚያ በርጩማቸውን አስጠጉ።

«ሁለት ብቻ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ሦስተኛ እየፈለግሁ ነው አባ። ግን ቤቷ ጠባብ ናት፤ ያገኘነውን ሁሉ አናስገባም። የሚበላቸው አለ፣ በቦታ የሚጣላ አለ።»

ይኼኔ ዓይናቸው በራ። አባቴ በሀብሩ የታወቁ አማች አገናኝ፣ የተጣላ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ሹፌሩ በስልክ የላከልኝን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲያዩ ልክ ለልጅ ሚስት የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። «ይቺ ቢጫዋ ጠባይዋ እንዴት ነው?» ቁጡ ናት አልኳቸው። «ይኸኛውስ?» ሲያድግ ይተልቃል። አንዱን በጣም የሚያምር ባለ ሸንተረር ዓሣ እኔ ወድጄው ነበር፤ እሳቸው ግን ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩና «አፉን አላየሽውም? ያንቺን ልጆች በቁርስ ነው የሚጨርሳቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መልኩ አታሎኝ አፉን ረስቼ ነበር። በመጨረሻ የመረጧት አመድ የመሰለች፣ ድንጋይ ሥር ተቀምጣ ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር የምትለቅም ትንሽ ዓሣ ነበረች። «ይቺ የሰው ነገር አትሻም» አሉ።

አመድማዋ በመጣች ቀን ከረጢቷን እንዳለ ውኃው ላይ አንሳፈፍኩና «አሁን አይነኳት አባ፤ ትንሽ ትቆይ» ብያቸው ዙህር ልሰግድ ገባሁ። ስወጣ ከረጢቱ ባዶውን መሬት ላይ ተጥሏል።

«እንግዳ ደጅ ላይ ይቁም እንዴ?» አሉኝ፣ ነውር የሠራሁት እኔ ሆኜ።

ዓሣዋ በጎኗ ዞረች። የአስር ሶላት ሳይደርስ ሞተች። ሬሳዋን በማንኪያ እያወጣሁ «እኔን ግን ደጅ አቁመውኝ ነበር» አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም። ኩታቸውን አንሥተው ወጡ።

ሌላ አመድማ ለማምጣት ወልድያ የሄዱት ራሳቸው ናቸው። ከረጢቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ መጥተው ከአኳሪየሙ ጎን ተቀመጡ። ሹፌሩ እንዳሳያቸው ከእኛ ውኃ በሻይ ማንኪያ እየቀዱ ከረጢቱ ውስጥ ይጨምራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ይጨምራሉ። ከዙህር እስከ አስር እንዲሁ ቆዩ።

«ለምንድን ነው የምትጠብቀው?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«የመጣችበት ውኃ ሌላ ነው፤ ጨውም፣ ሙቀቱም። ድንገት ከገባች ሰውነቷ አይችለውም።»

«እ» አሉ ብቻ። ዓሣዋ ዳነች።

ክረምት ላይ፣ በሰሜን ሲወራ የከረመው ጦርነት እኛ ዘንድ ደረሰ። ወልድያ ተያዘች ተባለ፤ አስፋልቱ ወደ ውርጌሳና ወደ ደሴ በሚጎርፍ ሰው ሞላ። አባቴ «ዛፎቼን ትቼ የት ልሂድ» አሉ፤ እኔም ሁለተኛ ጥያቸው አልሄድም ብዬ ቀረሁ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ። አየር የምትነፋው ትንሽ ሞተር ዝም አለች። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

ያኔ ነው ጣሳ ያነሣነው። ውኃውን እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈስሰዋለን፤ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ተራችንን በዱዓ መቁጠሪያቸው ዶቃ እንለካለን፤ አንድ ዙር እሳቸው፣ አንድ ዙር እኔ። በሩም መስኮቱም ተዘግቶ በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ብቻ አለ። ውጭ ሲተኮስ ጣሳው እጃችን ላይ ይቆማል፤ ሲበርድ እንቀጥላለን። የሚፈስሰው ውኃ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ስለሚኖር፣ አንዳንዴ ቤታችን ከነአባቴ፣ ከነበርጩማቸው ባሕር ሥር የወረደ ይመስለኛል። አባቴ ባሕር አይተው አያውቁም። «ዳሩ ይታያል?» ይሉኛል። አይታይም። «ታዲያ የት እንደሚያልቅ በምን ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። እኔም ማውራት እወድ ነበርና፣ ዕለቱ እንዲያ ያልቃል።

ብርዱ ሲገባ ከሰል አልነበረንምና ውኃውን ማሞቅ አልቻልንም፤ ብርቱካንማዎቹ በአንድ ሳምንት ተከታትለው ሞቱ። አመድማዋ ብቻ ከድንጋይዋ ሥር ቀረች። በማግስቱ አባቴ ለእሷ ሲያፈስሱ ድንገት፣

«ያን ጊዜ ደጅ ያቆምኩሽ...» አሉና ቆሙ።

ሲጨነቁ አሳዘኑኝ። ላግዛቸው ብዬ «እንደ እሷ ቀስ ብዬ እንድለምድ ብለው ይሆናል» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «እናትሽ እስከ መጨረሻው ስምሽን ስትጠራ፣ ትመጣለች እያልኩ ዋሸኋት። በሩን ስከፍት ፊትሽ የእሷ ፊት ሆነብኝ። የምልሽ ጠፋኝ፣ ዘጋሁት። በውሸቴ አፍሬ ነው እንጂ አንቺን ጠልቼ አልነበረም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አፉ በይኝ ልጄ።»

ከመጣሁ ጀምሮ ከእሳቸው ልሰማው የተመኘሁትን ቃል እኔን ለመኑኝ። «አፉ ብያለሁ አባ፤ እርስዎም አፉ ይበሉኝ» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ማልቀሴንም። መቁጠሪያቸው ገና ግማሹ ላይ ነው፤ ተራዬም አልደረሰም። ግን ጣሳውን ተቀበልኳቸው።